ጋና ሄደን ያየነውና የጠየቅነው



ይህ የጉዞ ወግ ነው። የጻፍነው በአዲስ አበባ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማር ተማሪዎች ነን። አሥራ ስድስት ተማሪዎችና ሁለት መምህራን ሆነን ጋና ወደምትባል አገር ሄድን። እዚያም ዘጠኝ ቀን ቆየን። ስንመለስ ጎረቤቱም ዘመዱም «ምን አያችሁ?» እያለ ጠየቀን። ለእያንዳንዱ ሰው ከመንገር ይልቅ መጻፍ ይሻላል ብለን ማስታወሻችንን አንድ ላይ አደረግን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋና የት ናት?

ጋና በምዕራብ አፍሪካ ትገኛለች። በደቡብ በኩል አትላንቲክ የሚባለው ትልቅ ውቅያኖስ አለ። በምዕራብ ኮት ዲቯር፣ በምሥራቅ ቶጎ፣ በሰሜን ቡርኪና ፋሶ ያዋስኗታል። ስፋቷ 238 ሺህ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ የኢትዮጵያን ሩብ እንኳ አይሞላም። በ2021 በተደረገው ቆጠራ የሕዝቧ ብዛት 30.8 ሚሊዮን ነበር።

ሕዝቡ ብዙ ቋንቋ ይናገራል። አካን፣ ጋ፣ ኤዌና ዳግባኒ የሚባሉት ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው። የመንግሥት ሥራ ግን በእንግሊዝኛ ይካሄዳል። አገሪቱ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረች ነው። በዚያን ጊዜ ስሟ ጎልድ ኮስት ነበር፤ የወርቅ ጠረፍ ማለት ነው።

ከመሄዳችን በፊት የቢጫ ወባ ክትባት ተከተብን። ያለዚያ ወረቀት ወደ ጋና መግባት አይቻልም። ከአዲስ አበባ ዋና ከተማዋ እስከ አክራ ድረስ በአውሮፕላን ስድስት ሰዓት ግድም ይወስዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አክራ መብረር የጀመረው በ1960 ነው። አክራ ስንደርስ ሰዓታችንን ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስን። አዲስ አበባ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን አክራ ገና ጠዋት 3 ሰዓት ነው።

ከአውሮፕላኑ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ እንፋሎት ፊታችንን መታን። በየበሩ ላይ «አክዋባ» የሚል ጽሑፍ አየን። በአካን ቋንቋ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው።

ሁለት ሐውልት ጎን ለጎን

በመጀመሪያው ቀን የሄድነው ወደ ክዋሜ ንክሩማ መታሰቢያ ነው። ንክሩማ የጋና የመጀመሪያው መሪ ናቸው። ጋና ነፃ የወጣችው መጋቢት 6 ቀን 1957 ነው። መታሰቢያው የተሠራው ንክሩማ ነፃነቱን ባወጁበት ሜዳ ላይ ነው።

ንክሩማን እኛም እናውቃቸዋለን። በግንቦት 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ዛሬም በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ሐውልታቸው ቆሟል።

የጋናን ሰንደቅ ዓላማ ስናይ «ይኼ የእኛ አይደል እንዴ?» ያለ ተማሪ ነበር። ቀይ፣ ወርቅማና አረንጓዴ ነው። መሐሉ ላይ ጥቁር ኮከብ አለበት። ከኢትዮጵያ ቀጥላ እነዚህን ቀለሞች የያዘች የአፍሪካ አገር ጋና ናት። ሰንደቁን የሣለችው ቴዎዶሲያ ኦኮ የምትባል ሠዓሊና መምህርት ነበረች።

በመታሰቢያው ግቢ አንድ ነገር ትኩር ብለን አየን። ትልቁ የንክሩማ ሐውልት እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ከእሱ ራቅ ብሎ ደግሞ ራስ የሌለው ሌላ ሐውልት አለ። ራሱ ለብቻው ከጎኑ ተቀምጧል። በ1966 ወታደሮች ንክሩማን ከሥልጣን ሲያወርዱ አሮጌው ሐውልት ተሰባበረ። ራሱን አንድ ዜጋ ደብቆ አቆየና በኋላ ተመለሰ። የተሰበረውን አልጠገኑትም፤ አልጣሉትምም። እንደተሰበረ ለሕዝብ አቆሙት።

መምህራችን «ይህን ልብ በሉ» አሉን። «የሚያኮራውንም የሚያሳዝነውንም አንድ ግቢ ውስጥ አስቀምጠውታል። በጉዟችን ይህን ዓይነት ነገር ደጋግመን እናያለን።»

ስምና ምግብ

በአካን ሕዝብ ዘንድ ልጅ ሲወለድ የተወለደበት ቀን ስም ይሰጠዋል። ቅዳሜ የተወለደ ወንድ ክዋሜ ይባላል። ዓርብ የተወለደ ኮፊ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን የጋና ሰው ናቸው። ስማቸው ራሱ ዓርብ መወለዳቸውን ይናገራል። ሐሙስ የተወለደች ሴት ያ፣ ቅዳሜ የተወለደች አማ ትባላለች። የእንግዳ ማረፊያው ሠራተኞች ለሁላችንም ስም አወጡልን። የተወለደበትን ቀን የማያውቅ ተማሪ ወደ እናቱ ስልክ ደወለ። «ማክሰኞ ነው፤ ገበያ ውዬ ስመለስ ነው ምጥ የያዘኝ» አሉት። እሱም ከዚያን ቀን ጀምሮ ክዋቤና ተባለ።

በጋና ሰላምታ ሳይሰጡ ወሬ መጀመር ነውር ነው። በግራ እጅ ዕቃ ማቀበልም እንደ ንቀት ይቆጠራል። ይህ ለእኛ እንግዳ አልሆነብንም። በቀኝ እጅ ይበላሉ፤ ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ።

ፉፉ የሚባል ምግብ አላቸው። ካሳቫና የሚቀቀል ሙዝ በሙቀጫ ይወቀጣል። አንዱ ቆሞ በረጅም ዘነዘና ይወቅጣል። ሌላዋ ተቀምጣ በእጇ ታገላብጣለች። ዘነዘናው ሲነሳ እጇ ይገባል፤ ሲወርድ እጇ ይወጣል። ዓይናችን አላምን አለ። ፉፉ ከሾርባ ጋር ይቀርባል፤ ሳይታኘክ ይዋጣል። ይህን ለመልመድ ሁለት ቀን ፈጀብን። ባንኩ የሚባለው ደግሞ ከቦካ የበቆሎ ሊጥ ይሠራል። እርሾ የለመደ ሰው ባንኩ አይከብደውም።

የካካዎ እርሻ

በሦስተኛው ቀን ከአክራ ወደ ሰሜን ወጣን። ማምፖንግ የሚባል የተራራ ከተማ ደረስን። በ1879 ግድም ቴቴ ኳርሺ የተባለ ሰው ፈርናንዶ ፖ ከምትባል ደሴት የካካዎ ዘር አምጥቶ እዚህ ተከለ። ካካዎ የአፍሪካ ተክል አልነበረም፤ የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነው። ይሁን እንጂ ጋና ለብዙ ዓመታት ከኮት ዲቯር ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ የካካዎ አምራች ሆነች።

ወደ ኩማሲ በሚወስደው መንገድ ላይ በአንዲት ገበሬ እርሻ አረፍን። በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ልጃቸው በእንግሊዝኛ አስተረጎመልን።

የካካዎ ፍሬ እንደ ብርቱካን ከቅርንጫፍ ጫፍ አይንጠለጠልም። ከግንዱ ላይ ተለጥፎ ይበቅላል። መጠኑ ትንሽ ዱባ ያህላል፤ ሲበስል ቢጫ ይሆናል። በገጀራ ይቆረጥና ይከፈታል። ውስጡ በነጭ ጣፋጭ ነገር የተሸፈኑ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑ ዘሮች አሉ። ዘሩ ተሰብስቦ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ ስድስት ቀን ያህል ይቦካል። ከዚያ ከቀርከሃ በተሠራ አልጋ ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ ይደርቃል። በየጊዜው ይገላበጣል። በመጨረሻ በጆንያ ይሞላል። አንዱ ጆንያ 64 ኪሎ ነው።

ከመካከላችን አንዷ ቤተሰቦቿ በይርጋጨፌ ቡና ያለሟቸው ናቸው። አልጋውን ስታይ «ይህማ የእኛ የቡና አልጋ ነው!» አለች። ገበሬዋን ብዙ ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ናት።

«ዋጋውን የሚወስነው ማነው?» አለቻቸው።

«መንግሥት ነው። በየዓመቱ በራዲዮ እንሰማለን» አሉ።

«ቸኮላት ይበላሉ?»

እናቲቱ ሳቁ። «ለልጅ ልጆቼ በበዓል እገዛለሁ። ለእኔ ግን ይህ ይሻለኛል» ብለው ነጩን የፍሬውን ሥጋ አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። ከወንዙ ማዶ ያለውን መሬት አሳዩን። ዛፍ የለበትም። ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል፤ ወንዙም እንደ ሻይ በወተት ደፍርሷል። ወርቅ ቆፋሪዎች ያለ ፈቃድ የቆፈሩት ነው። በጋና ይህን ሥራ ጋላምሴይ ይሉታል። «ጎረቤቴ የካካዎ እርሻውን ለቆፋሪዎች ሸጠው» አሉ። «ገንዘቡ በአንድ ዓመት አለቀ። መሬቱም አለቀ። እኔንም ይጠይቁኛል። ካካዎ ቀስ ብሎ ነው የሚከፍል፤ ግን ልጆቼን ያስተማረው እሱ ነው።»

በመኪና ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዱ «እኛ እንሻላለን፤ ካመረትነው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሳችን እንጠጣዋለን» አለ። የይርጋጨፌዋ ልጅ ግን አልተስማማችም። «ወደ ውጭ የምንልከውስ? አብዛኛው ሳይቆላ ነው የሚሄደው። እነሱም ካካዎውን የሚልኩት በአብዛኛው እንደ ፍሬው ነው። ትርፉ የሚበዛው ከዚያ በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው» አለች። ይህን ነገር ስንነጋገር ኩማሲ ደረስን።

ኩማሲና የወርቅ ዙፋን

ኩማሲ የአሻንቲ ሕዝብ ከተማ ናት። ከአክራ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የአሻንቲ ንጉሥ ዛሬም በዚያ አለ። ማንሂያ በሚባለው ቤተ መንግሥት ሙዚየም አየን።

የአሻንቲ ሕዝብ የሚያከብረው የወርቅ ዙፋን አለ። ዙፋን ይባል እንጂ ማንም አይቀመጥበትም። የሕዝቡ ነፍስ ያለችው በእሱ ውስጥ ነው ብለው ያምናሉ። በ1900 የእንግሊዙ አገረ ገዥ ዙፋኑ ይምጣልኝና ልቀመጥበት አለ። ያን ጊዜ ያ አሳንቴዋ የምትባል ንግሥት እናት ሕዝቡን አስነሥታ ጦርነት መራች። በመጨረሻ ተይዛ ሲሼልስ ወደምትባል ደሴት ተጋዘች። እዚያው በ1921 ሞተች። ዙፋኑን ግን እንግሊዞች አላገኙትም።

ከዚያ በፊት በጥር 1896 ንጉሡ ፕሬምፔህ በእንግሊዞች ተይዘው ነበር። ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1924 ነው። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ተያየን። 1896 ለእኛ የዓድዋ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት፣ በሁለት ወር ልዩነት፣ አንዱ የአፍሪካ ንጉሥ ታሰረ፤ ሌላው ድል አደረገ።

በሙዚየሙ ውስጥ የወርቅ ጌጦች አየን። እንግሊዞች በ1874 ኩማሲን ሲያቃጥሉና ከዚያም በኋላ ወደ ለንደን የተወሰዱ ዕቃዎች ብዙ ናቸው። በ2024 ሁለት የለንደን ሙዚየሞች 32 ዕቃዎችን ወደ ኩማሲ ላኩ። የላኩት ግን በብድር ነው፤ ለሦስት ዓመት።

«የራስን ዕቃ መበደር አለ እንዴ?» አለ አንዱ ጓደኛችን።

የታሪክ መምህራችን ጥያቄውን መልሰው ለእኛ ሰጡን። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ ዘውድ፣ ጽዋና የብራና መጻሕፍት ወሰደ። ብዙዎቹ ዛሬም በእነዚያው ሙዚየሞች ውስጥ ናቸው። በ2018 ለኢትዮጵያም «በረጅም ጊዜ ብድር እንላክላችሁ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። «እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?» አሉን። ግማሾቻችን «ይምጣ፤ ልጆች ይዩት» አልን። ግማሾቻችን «ከተበደርን የእነሱ ነው ብለን ፈረምን ማለት ነው» አልን። በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

መጨረሻ የታጠቡበት ወንዝ

ከኩማሲ ወደ ደቡብ፣ ወደ ባሕሩ ወረድን። ባሕሩ ጋ ሊደረስ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ሲቀር አሲን ማንሶ የሚባል ቦታ አለ። በዛፍ ጥላ ሥር አንድ ትንሽ ወንዝ ይፈስሳል። ስሙ ዶንኮር ንሱዎ ነው፤ የባሪያ ወንዝ ማለት ነው።

በጦርነት የተማረኩ፣ በወረራ የተያዙና የተሸጡ ሰዎች ከሰሜን አገር በእግራቸው እየተነዱ እዚህ ይደርሱ ነበር። ብዙዎቹ ሳላጋ በሚባለው የሰሜን ገበያ የተሸጡ ናቸው። በዚህ ወንዝ ይታጠባሉ። ከዚያ ለገዢ ይታያሉ። በአገራቸው ምድር የመጨረሻው መታጠቢያቸው ይህ ነበር።

ጫማችንን አውልቀን ወደ ወንዙ ወረድን። ውኃው ከጉልበት አይበልጥም። ማንም ምንም አልተናገረም።

በዚያው ግቢ ሁለት መቃብሮች አሉ። ከጃማይካና ከአሜሪካ የመጡ የሁለት ባሪያዎች አጽም ነው ያረፈባቸው። በ1998 አጽማቸው በባሕር በኩል ወደ ጋና ተመልሶ እዚህ ተቀበረ።

የኬፕ ኮስት ግንብ

ኬፕ ኮስት በባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። ግንቡ ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ በ1653 መሥራት የጀመሩት ስዊድኖች ናቸው። ከ1660ዎቹ ጀምሮ እንግሊዞች ያዙት። መድፎቹ አፋቸው ወደ ባሕሩ ነው። ይፈሩ የነበሩት በመርከብ የሚመጣውን ሌላውን የአውሮፓ ነጋዴ ነበር።

ከኬፕ ኮስት ጥቂት ራቅ ብሎ የኤልሚና ግንብ አለ። እሱን ፖርቱጋሎች በ1482 ሠሩት። በመጀመሪያ ወርቅ ይነግዱ ነበር። በኋላ ንግዱ ወደ ሰው ዞረ። በባሕሩ ዳርቻ የቆሙት እነዚህ ግንቦች በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ።

አስጎብኚያችን ወጣት ነው። ወደ ወንዶቹ ምድር ቤት አወረደን። መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ከታች ያሉት ክፍሎች እንደ ዋሻ ናቸው። በግድግዳው ከፍታ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ብርሃንም አየርም የሚገባው በእሷ ብቻ ነው። በወለሉ ላይ ጠባብ ቦይ አለ። ሰዎቹ መርከብ እስኪመጣ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን እዚያ ያሳልፉ ነበር። ይበሉ የነበረው፣ ይተኙ የነበረው፣ ይጸዳዱ የነበረው እዚያው ነው።

አስጎብኚው መብራቱን አጠፋ። «አንድ ደቂቃ ብቻ ቁሙ» አለን። እርስ በርስ እጅ ለእጅ ተያያዝን። ደቂቃዋ አላልቅ አለች።

ወጥተን ቀና ስንል «ከዚህ ምድር ቤት በላይ የነበረው ምን ይመስላችኋል?» አለን። ማንም አልገመተም። ጸሎት ቤት ነበር። ከታች ሰው በሰንሰለት ታስሮ ሲያቃስት ከላይ መዝሙር ይዘመር ነበር። የገዥው መኖሪያም ከላይ ነው። ሰፋፊ መስኮቶች አሉት፤ የባሕር ነፋስ ይገባበታል።

ከዚያ የማይመለሱበት በር ወደሚባለው መጣን። ሰዎቹ በዚህ በር ወጥተው በታንኳ ወደ መርከብ ይወሰዱ ነበር። ከመላው አፍሪካ በአትላንቲክ መርከቦች የተጫኑት 12.5 ሚሊዮን ያህል እንደሆኑ ታሪክ አጥኚዎች ይገምታሉ። ማዶ በሕይወት የደረሱት 10.7 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ሌሎቹ በመንገድ ሞቱ። እንግሊዝ ይህን ንግድ በሕግ የከለከለችው በ1807 ነው።

በሩ ተከፈተ። ከውጭ የጠበቅነው ባዶ ባሕር ነበር። ያገኘነው ግን ገበያ የሚመስል ግርግር ነው። ቀለም የተቀቡ ታንኳዎች ተደርድረዋል። ዓሣ አጥማጆች መረብ ይጠግናሉ። ሴቶች ዓሣ ያጥባሉ። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ቀኑ ማክሰኞ ስለነበረ ማንም ባሕር አልወጣም። በዚያ ጠረፍ ማክሰኞ ዓሣ ማጥመድ ነውር ነው፤ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው ይላሉ። ክዋቤና የተባለው ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «የእኔ ቀን ነው» አለ።

ዞር ስንል ከበሩ በላይ በውጭ በኩል ሌላ ጽሑፍ አየን። የመመለሻ በር ይላል።

የዚያን ቀን ማታ

ከግንቡ ስንወጣ አንዱ ተማሪ አስጎብኚውን አንድ ነገር ጠየቀው። «ነጮቹ በባሕር ዳር ነበሩ። ታዲያ ሰዎቹን ከሰሜን እስከዚህ ያመጣቸው ማነው?»

አስጎብኚው አልተቆጣም። «ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይፈራዋል» አለ። «ያመጧቸው አፍሪካውያን ናቸው። አለቆችና ነጋዴዎች ጠመንጃ፣ ባሩድ፣ ጨርቅና አረቄ እየተቀበሉ ሸጧቸው። ይህን ማለት ገዢውን ነፃ አያወጣውም። ግንቡን የሠራው፣ መርከቡን የላከው፣ ትርፉን የወሰደው እሱ ነው። ግን እኛም የራሳችንን ድርሻ እንናገራለን። በየቀኑ ለሚመጣው ሁሉ እናገራለሁ።»

ማታ በማረፊያችን በረንዳ ላይ ተሰብስበን ተቀመጥን። መምህርታችን «ምን ተሰማችሁ?» አሉን። አንዳንዱ «አዘንኩ» አለ። አንዳንዱ «ተናደድኩ» አለ። አንደኛው ግን «እኔ አዘንኩ፤ ግን ይህ የእኛ ታሪክ አይደለም። ከእኛ አገር በዚያ በር የወጣ የለም» አለ።

አንዲት ተማሪ ቀስ ብላ ተናገረች። «በዚያ በር አልወጣ ይሆናል። አያቴ ስለ ሌላ በር ነግራኛለች። በልጅነቷ በሰፈራቸው የተሸጡ ሰዎች ነበሩ። ከብት ይጠብቁ፣ ውኃ ይቀዱ ነበር። ዛሬም የልጅ ልጆቻቸውን እንጋባ ሲሏቸው እንቢ የሚሉ አሉ። በእድር ዳር የሚያስቀምጧቸው አሉ። ባሪያ የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ስድብ ነው። ትምህርት ቤታችን ውስጥ አልሰማችሁም?»

ዝም አልን። ሁላችንም ሰምተናል።

ልጁ «የእኛው እንደዚህ አልነበረም። መርከብ የለ፣ ግንብ የለ» አለ።

የታሪክ መምህራችን እንዲህ አሉ። «ልዩነት አለው፤ ልክ ነህ። ልዩነቱን ማወቅ ደግ ነው። ግን ከእኛም አገር ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ተነድተው ወደ ዓረብ አገር የተሸጡ ብዙ ናቸው። ለነሱም ባሕሩ ያው ባሕር ነው። በ1923 ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች። በ1924 ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ሕግ ወጣ። ጨርሶ በሕግ የተከለከለው ግን በ1942 ነው። ይህ ሩቅ አይደለም። አያቶቻችሁ ያዩት ነው። እስቲ ንገሩኝ፤ ይህን የሚያሳይ ምን ቦታ ታውቃላችሁ? የትኛው አስጎብኚ በየቀኑ ይናገረዋል?»

መልስ አልነበረንም። ልጁም ቢሆን ወዲያው አልተስማማም። «ይህን ብንናገር የዓድዋ ክብር አይቀንስም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። የሚገባ ጥያቄ ነው። ያቺው ተማሪ ናት የመለሰችው። «አክራ ላይ ሁለት ሐውልት አላየንም? የተሰበረው ስለቆመ የቆመው አልወደቀም።»

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስኪሆን ተነጋገርን። ከዘጠኙ ቀን ሁሉ ያቺን ማታ አንረሳትም።

ከተመለስን በኋላ

አንድ ነገር ለመሥራት ተስማማን። እያንዳንዳችን በዕድሜ የገፋ አንድ ሰው እንጠይቃለን። አያት ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን፣ በልጅነታቸው ያዩትንና የሰሙትን በትሕትና ጠይቀን እንጽፋለን። ስም አንጽፍም፤ ማንንም አናሳፍርም። እስካሁን ዘጠኝ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አነጋግረናል። አንዳንዶቹ «ይህን ምን አስነሣችሁ?» ብለው ተቆጡን። አንድ አዛውንት ግን ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉን። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩልን።

የይርጋጨፌዋ ልጅ ደግሞ ስለ ካካዎና ስለ ቡና ለቤተሰቦቿ ጻፈች። የመቅደላውን ክርክር በክፍል ውስጥ ቀጥለናል። እንግዲህ «ጋና ምን አያችሁ?» ላላችሁን ሁሉ መልሳችን ይህ ነው። ግንብ አየን፤ ወንዝ አየን፤ እርሻ አየን። የጋና ሰዎች ያለፈባቸውን ደግም ክፉም ለእንግዳ ሲያሳዩ አየን። በዚያ የተጠየቅናቸውን ጥያቄዎች ይዘን መጥተናል። ከዚህ በታች ለእናንተም አቅርበናቸዋል። በቤት፣ በሰፈር ወይም በክፍል ሰብሰብ ብላችሁ ተወያዩባቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጋናን የሚያዋስኗት አገሮች እነማን ናቸው?

2. የካካዎ ፍሬ ከተቆረጠ በኋላ ጆንያ እስኪሞላ ድረስ ምን ምን ይደረግበታል? በአካባቢያችሁ እንዲህ የሚዘጋጅ ምርት አለ?

3. ገበሬዋ መሬታቸውን ለወርቅ ቆፋሪዎች ያልሸጡት ለምንድን ነው? እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

4. የተወሰደብንን ቅርስ በብድር መቀበል ይገባናል ወይስ አይገባንም? ምክንያታችሁን ተናገሩ።

5. በአክራ የተሰበረው ሐውልት እንደተሰበረ የቆመው ለምን ይመስላችኋል?

6. በሰፈራችሁ ሰውን በዘሩ ወይም በአያቶቹ ሥራ የሚያዋርድ ቃል አለ? ሲነገር ብትሰሙ ምን ትላላችሁ?